ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች በ9ኛና በ10ኛ ክፍል፦ ለመምህራን የሥራ መመሪያ

አይነ ስውር ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጥበታል። እስከ ስምንተኛ ክፍል በልዩ ትምህርት ቤት ወይም ብሬይል (በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ) የሚያውቅ መምህር ባለበት ልዩ ክፍል የተማረ ከሆነ፣ አሁን ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይቀመጣል። መምህራኑ በየ40 ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ አብዛኞቹ ብሬይል በእጃቸው ነክተው አያውቁም። የትምህርቱ ቋንቋም እንግሊዝኛ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ላይ የጓደኞቹ መጽሐፍ መስከረም ላይ ሲታደል የእሱ የብሬይል ቅጂ ወራት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጭራሹን የማይደርስበትም ጊዜ አለ።

የድጋፉ ትልቁ ጠላት ይህ መዘግየት ነው። መርዳት የሚጠላ መምህር ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚቸገረው ሥዕሉና ወርክሺቱ አስቀድሞ መዘጋጀት እንደነበረበት ጠመኔ ካነሣ በኋላ ስለሚያስታውሰው ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አብዛኛው ሥራ ከክፍል ውጭና ከክፍለ ጊዜው በፊት የሚሠራ ነው። ርእሰ መምህሩ ለወረቀትና ለኮላ በጀት የለም ካለ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋን፣ የስምምነቱም አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት እንደሚናገር መጥቀስ አይጎዳም።

ትምህርት ሳይጀመር

ሆምሩም መምህሩ ከተማሪው ጋር ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። የዓይኑን ሕመም ስም ማወቅ ለማስተማር ብዙም አይረዳም። የሚረዱት እነዚህ ናቸው፦ ብርሃንና ጥላ ይለያል? የታተመ ጽሑፍ ያነባል ወይ፣ ካነበበ ከስንት ሴንቲሜትር ርቀት? ብሬይል የሚያነበው በአማርኛ ብቻ ነው ወይስ በእንግሊዝኛም? እንግሊዝኛውንስ ፊደል በፊደል ነው ወይስ አሕጽሮት (ቃልን ወይም የፊደላት ስብስብን በአጭር ምልክት መጻፍ) ያለበትን ጭምር? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በትምህርት ቤቱ የድጋፍ መስጫ ማዕከል (የብሬይል መጻሕፍትና ባለሙያ ባሉበት ክፍል) ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በአሕጽሮት የተጻፈ ከሆነና ተማሪው አሕጽሮቱን ካልተማረ፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ሴሚስተር የማጠናከሪያ ትምህርት በአሕጽሮቱ ይጀመር። አባከስ (በዶቃ የሚሰላበት መሣሪያ) መቻሉን፣ ስልክ እንዳለውና ቤት የሚያነብለት ሰው መኖሩንም ጠይቁ። መልሱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሁሉም የትምህርት ዓይነት መምህራን ስጡ፤ ያለዚያ ልጁ ይህንኑ ታሪክ ለዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ጊዜ ያወራል።

በምን እንደሚጽፍ ማወቅ የክፍሉን ፍጥነት ይወስናል። ስሌትና ስታይለስ (ወረቀቱን የሚይዝ ባለ ቀዳዳ ገበታና የነጥብ መውጊያ) የሚጠቀም ተማሪ ነጥቦቹን ከወረቀቱ ጀርባ እየወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ የጻፈውን ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ አለበት። ስለዚህ «እስካሁን የጻፍከውን አንብብልኝ» ብሎ በመሐል ማቋረጥ መስመሩን ማሳት ነው። ፐርኪንስ የብሬይል መጻፊያ ማሽን ፈጣን ነው፤ የተጻፈውም ወዲያው በጣት ይነበባል። ግን ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ ይንኳኳልም። ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ማንጠፍ፣ ማሽኑንም በየቀኑ ከማሸከም በክፍሉ ቁልፍ ባለው ሳጥን ማሳደር ይሻላል። በማሽኑ ተራ ደብተር ወረቀት መጠቀም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ነጥቡ ወረቀቱን ይበሳዋል፣ ባይበሳውም ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲነበብ ይተኛል። የብሬይል ወረቀት ካጣችሁ ወፍራም የካላንደር ወረቀት ወይም ማኒላ በልኩ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ።

ብሬይል ቦታ እንደሚፈጅም ዕወቁ። በአማርኛ ብሬይል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ «ሰላም» በቀለም ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ በብሬይል አምስት ቤት (የአንድ ምልክት ነጥቦች የሚያርፉበት ቦታ) ይወስዳል፤ አናባቢ ሳይጨመርበት ብቻውን የሚቆመው ሳድሱ ነው። አንድ የታተመ ገጽ በብሬይል ሁለት ሦስት ገጽ ይሆናል። ማዕከሉ ውስጥ ያለው አንድ ባለሙያ በአንድ ሌሊት ሃያ ገጽ እንዲያወጣ መጠበቅ አይቻልም። የሚሠራው ስምምነት ይህ ነው፦ የሚቀጥለው ሳምንት ኖት፣ ወርክሺትና ቴስት በዚህ ሳምንት ረቡዕ ማዕከሉ ይደርሳል። ዓርብ የመጣ ለሰኞ አይደርስም።

ግቢውንም በዚያው ሳምንት አስተዋውቁት። ስትመሩት እሱ የእናንተን ክንድ ከክርን በላይ ይይዛል፣ ግማሽ እርምጃም ከኋላ ይከተላል። እጁን ወይም ነጭ በትሩን ይዞ መጎተት አደገኛ ነው፤ ከፊቱ ያለውን መውረጃ በእናንተ አካል እንቅስቃሴ ማወቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት መንገድ ይበቃል፦ ከበር እስከ ክፍል፣ ከክፍል እስከ መጸዳጃ ቤት፣ ከክፍል እስከ ማዕከሉ። ክዳን የሌለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ካለ ይከደን። የክፍሉ በር ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ወይ ይዘጋ። ብዙ ግንባር የተፈነከተው በግማሽ በተከፈተ በር ነው።

ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ በአፍ ይውጣ

እዚህ ላይ ትልቁ ጥፋት «ይሄ ከዚህ ሲደመር ይሄን ይሰጠናል» ማለት ነው። እየጻፋችሁ የምትጽፉትን ተናገሩ፣ በጣት ከማሳየት ይልቅ በስም ጥሩ። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ ጊዜ አያስፈልግም፤ ከኋላ ላሉት ሃያ ተማሪዎችም ይጠቅማል።

ሒሳብ ላይ ግን መናገር ብቻ አይበቃም። «ኤክስ ፕላስ ስሪ ኦቨር ቱ» ሲባል ለሁለት የሚካፈለው ሦስቱ ብቻ ነው ወይስ ኤክስ ሲደመር ሦስት ሙሉው? ኤክስ 5 ቢሆን በአንዱ አነባበብ መልሱ 6.5፣ በሌላው 4 ነው። ሰሌዳውን የሚያይ ሰው መስመሩን አይቶ ይለያል፤ የሚሰማው መለያ የለውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከተማሪው ጋር የንባብ ስምምነት አድርጉ፦ «ክፍልፋይ ጀመረ፣ ኤክስ ፕላስ ስሪ፣ ኦቨር፣ ቱ፣ ክፍልፋይ አለቀ»። ለሥርወ ቁጥር፣ ለቅንፍና ለርቢም እንዲሁ መክፈቻና መዝጊያ ይኑር። ሦስት ሳምንት ያህል አፍ ያስይዛል፣ ከዚያ በኋላ ይለመዳል። ምን ቃል ብትመርጡ ለውጥ የለውም፤ የሒሳቡ፣ የፊዚክሱና የኬሚስትሪው መምህር ግን አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀሙ።

አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ሲመጣ ፊደሉን አንድ በአንድ ጥሩ። «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃል በጆሮው ብቻ የሰማ ተማሪ በኤፍ ቢጀምረው አይፈረድበትም፤ በፒና በኤች መጀመሩን የነገረው ሰው የለም። የባዮሎጂ ቴስት ላይ ዕውቀቱ ሳይጎድል ነጥብ የሚጎድለው እንዲህ ባለው ነገር ነው። በየክፍለ ጊዜው ከአምስት እስከ ስምንት ቃል መርጣችሁ አስቀድማችሁ ብትሰጡት ይበቃል።

ጥያቄ ስትጠይቁ ስሙን ጥሩ። ዓይኑን አይታችሁ «እሺ፣ አንተ» ብትሉ ማን እንደተጠራ አያውቅም። ኖት የሚያነብለት ጓደኛ ደግሞ አንድ ብቻ አይሁን፤ ሦስት ተማሪዎች በየሳምንቱ ይቀያየሩ። አንድ ልጅ ብቻ ከተሸከመው በሁለተኛው ወር ይሰለቻል፣ ወዳጅነቱም ወደ ውለታ ይለወጣል።

በከፊል ለሚያዩት

እነዚህን ተማሪዎች አለማስተዋል ቀላል ነው፤ በትር ስለማይዙ «ያያል» ተብለው ይታለፋሉ። ሲያነቡ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጋሉ። «ዓይንህ ይበላሻል፣ ራቅ አድርግ» ማለት ልማድ ነው፤ ዓይን ግን ቀርቦ በማንበብ አይጎዳም። ተዉት ያስጠጋው።

የመቀመጫውን ቦታ በሙከራ ምረጡ። ሰሌዳው ላይ አምስት ቃል ጻፉ፣ ከተለያየ ቦታ እንዲያነብ አድርጉ፣ በጠዋትና በከሰዓት ብርሃን ድገሙት። ጠዋት ጥሩ የነበረው ቦታ ከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሰሌዳው ላይ ስታንጸባርቅ ዋጋ ያጣል። የፊደሉ ቁመት 5 ሴንቲሜትር ይድረስ። ነጭ ወይም ቢጫ ጠመኔ ብቻ ተጠቀሙ፤ ቀይና ሰማያዊ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጠፋሉ። ያረጀና የነጣ ሰሌዳን ቀለም ማስቀባት ከብዙ መነጽር የበለጠ ይረዳል።

ወርክሺቱ በ18 ነጥብ ፊደል፣ በወፍራምና ቀላል ቅርጽ ይታተም። ኤ4ን ወደ ኤ3 በፎቶ ኮፒ ማሳደግ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን 12 ነጥቡን ወደ 17 ብቻ ነው የሚያደርሰው፣ ወረቀቱም ከጠረጴዛው ይተርፋል፣ ደብዛዛው ፎቶ ኮፒም ይበልጥ ይደበዝዛል። ኮምፒውተር ላይ ፊደሉን አሳድጎ በኤ4 ማተም ይሻላል። አንገቱና ወገቡ እንዳይታመም ወረቀቱን ዘንበል አድርጎ የሚይዝ ማቆሚያ ያስፈልገዋል፤ አናጢ ከአንድ ጣውላ ቁራጭ ይሠራዋል። የማጉያ መስታወት ያለው ተማሪ መስታወቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ወረቀቱን ወደ መስታወቱ ያምጣ፤ ብዙዎች መስታወቱን ወረቀቱ ላይ አድርገው ከሩቅ ስለሚያዩ በአንድ ጊዜ የሚታያቸው ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ይሆናል።

አልቢኒዝም ያለባትን ተማሪ ለብቻው እናንሣ፤ የዓይኗ ጉዳይ ብዙ ጊዜ በቆዳዋ ይሸፈናልና። ብርሃን ይወጋታል። ከመስኮት ይራቅ መቀመጫዋ፣ ባለ ጥላ ባርኔጣ ክፍል ውስጥ ማድረግም ይፈቀድላት፤ የደንብ ልብስ ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ይወቅ። የስፖርት ክፍለ ጊዜዋ ከረፋዱ በፊት ቢሆን ወይም ጥላ ሥር ቢደረግ መልካም ነው። ዓይኗ ከጎን ወደ ጎን የሚርገበገብ ከሆነ፣ ጭንቅላቷን ዘወር አድርጋ የምታየው የዓይኑ እንቅስቃሴ የሚረጋበት አቅጣጫ ስላለ ነው። ንቀት ወይም ግድየለሽነት አይደለም፤ «ቀጥ ብለሽ እይ» አትበሏት። ፊቷን ወደ ግራ የምታዞር ከሆነ ሰሌዳው በቀኟ እንዲውል በክፍሉ ግራ በኩል አስቀምጣችሁ ሞክሩ፤ አንገቷ ያርፋል።

ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ አሳድጎ ማየት ለእነዚህ ተማሪዎች ከሁሉ ዋጋው ዝቅ ያለው መሣሪያ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ግን ስልክ ይከለክላል። ርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ይፍቀድ፣ ቅጂው ተማሪው ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ያለዚያ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ይወርሰዋል።

በእጅ የሚነበብ ሥዕል

ግራፍና ካርታ ላይ ነው ብዙ መምህር ተስፋ የሚቆርጠው። ከቤትና ከሱቅ በሚገኝ ዕቃ ይሠራል፤ ዋናው ጥበብ ምን እንደሚቀር መወሰን ነው። ዓይን ሥዕሉን በአንድ ጊዜ ያያል፣ ጣት ግን ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚሰበስበው። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሁሉ ካርቶን ላይ ማስፈር ተማሪውን ግራ ማጋባት ነው።

የፓራቦላ ግራፍን ምሳሌ እናድርግ። የሚፈለገው ሁለት ዘንግ፣ አንድ ኩርባና የኩርባው ታች ነጥብ ነው፤ የጀርባው የካሬ መስመር ይቅር። በደብተር ሽፋን ያህል ወፍራም ካርቶን፣ በኤ4 መጠን ቁረጡ፤ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ የሚሸፍነው ይህን ያህል ነው። በእርሳስ ንደፉ። ኩርባውን በወፍራም ሲባጎ፣ ዘንጎቹን በቀጭን ክር ለጥፉ። ይህን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፦ ዘንጉን ያወፍርና ኩርባውን ያቀጥናል፤ ተማሪው ደግሞ ቶሎ ማግኘት ያለበት ኩርባውን ነው። ነጩን የእንጨት ኮላ በአንድ ጊዜ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ አትቀቡ፤ ክሩ ሳይቀመጥ ይደርቃል። አሳድሩት፤ በዚያው ቀን ከተነካ ክሩ ይንሸራተትና ኩርባው ቅርጹን ይለውጣል። በሁለት መስመር መካከል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ለጣት አንድ መስመር ይሆናሉ። ለነጥብ ምልክት ምስር ይሆናል፤ ለዓመት የሚቀመጥ ከሆነ ግን ቁልፍ ወይም ዶቃ አድርጉ፣ ምስሩን አይጥና ነቀዝ ይበላዋል። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈውንም እንዲሁ።

ለፈጣን ሥራ ልብስ ሰፊዎች ንድፍ የሚያስተላልፉበትን ባለ ጥርስ ተሽከርካሪ ተጠቀሙ። ወረቀቱን የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ላይ አንጥፋችሁ ስታንከባልሉት ነጥብ ነጥቡ በጀርባው ይወጣል። ሥዕሉ በጀርባ በኩል የሚነበብ በመሆኑ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ አስቀድማችሁ ገልብጣችሁ ካልነደፋችሁ የቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ሱዳን በኩል ይሄዳል።

ካርታ ከሆነ በተለያየ ካርቶን ሥሩ፤ አንዱ ለወሰን፣ ሌላው ለወንዞች፣ ሦስተኛው ለከፍታ ይሁን። ስሞቹን በሙሉ በላዩ አትጻፉ፤ አንድ ፊደል ብቻ አድርጋችሁ ዝርዝሩን በሌላ ወረቀት ስጡ። ሥራው ሲያልቅ ራሳችሁ ዓይን ጨፍናችሁ አትፈትኑት፣ ሥዕሉን ታውቁታላችሁና። ያላየው ሰው ዓይኑን ይጨፍንና ይንካው። ለተማሪው ስታሳዩት እጁን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ እጃችሁን ከእጁ ሥር አድርጉ፣ በመጀመሪያም ሙሉውን በቃል ንገሩት፦ «ወረቀቱ ቁመቱ ይረዝማል፣ ዘንጎቹ መሐል ላይ ይገናኛሉ፣ ኩርባው ወደ ላይ የተከፈተ ነው»። ይህ ከክፍሉ በፊት አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጠው ሥዕሉን ሲፈልግ ትምህርቱ ያልፈዋል።

ቤተ ሙከራ ላይ ለአይነ ስውሩ ተማሪ ማዳመጥን ብቻ ሥራ አድርጎ መስጠት ልማድ ሆኗል። 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገፊው ላይ በ5 ሚሊ ሊትሩ ቦታ በቢላ ትንሽ ጭረት ብታደርጉ በጥፍሩ እየለካ ይቀዳል። ቀለሙን ጓደኛው ይናገር፣ መዝገቡን እሱ ይያዝ።

ስልክ፣ ኮምፒውተርና ድምፅ

ኮምፒውተር ካለ ኤንቪዲኤ የሚባለው ማያ ገጽ አንባቢ (ማያ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) በነጻ ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የንግግር ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፣ ለጆሮ አይጥምም፣ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ይህንኑ የሚሠራ ቶክባክ አለ።

ሁለት ነገር ያደናቅፋል። አንደኛው ስካን የተደረገ መጽሐፍ ነው፤ ፒዲኤፍ ቢመስልም ፎቶ ነው፣ አንባቢው ባዶ ገጽ ነው የሚያገኘው። ሁለተኛው በአሮጌዎቹ ዩኒኮድ (በሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት የሆነ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ኖት ነው። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ አንባቢው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ያነባል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ቅዱና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደህና ነው፣ ካልሆነ እንደገና በዩኒኮድ ይተየብ።

ድምፅ ስትቀዱ አንድ ፋይል ከ15 ደቂቃ አይብለጥ፤ በረጅም ቅጂ ውስጥ አንድ አንቀጽ መፈለግ ዘዴ የለውም። የፋይሉ ስም የትምህርቱን ዓይነት፣ ምዕራፉንና ገጹን ይያዝ። የሚያነበው ሰው በየገጹ መጀመሪያ የገጹን ቁጥር ይናገር፣ ሥዕል ሲመጣ «ሥዕል» ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይግለጽ። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ መጋረጃና ብርድ ልብስ ያለበት ክፍል ይመረጥ። በሞኖ 64 ኪሎ ቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ስለዚህ የዓመቱ ትምህርት በአንዲት 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ይገባል። ሒሳብን ግን በድምፅ ብቻ አትተኩት፤ ሒሳብ ተመላልሶ መነካት አለበት፣ ብሬይልና አባከስ ይፈልጋል።

ፈተና

አንባቢ (ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው) የተመደበለት ተማሪ ነጥብ የሚያጣው በአንባቢው ነው። የኬሚስትሪ ምልክት የማያውቅ ሰው ኬሚስትሪ አያንብብ፤ የትምህርቱ መምህር ራሱም አያንብብ፣ ሳያስበው በድምፁ መልሱን ይጠቁማልና። አንባቢውና ተማሪው ከፈተናው በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ በአሮጌ ፈተና ይለማመዱ። ደንቡ አጭር ነው፦ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ ምርጫዎቹ በእኩል ፍጥነትና በእኩል ድምፅ ይነበባሉ፣ ተማሪው ሲጠይቅ ይደገማል፣ ማብራሪያ የለም። ተማሪው መልሱን በፊደል ሲናገር አንባቢው የጥያቄውን ቁጥር ጨምሮ ይድገምለት፤ «23፣ ሲ»። ይህ ከተዘለለ በአንድ ቁጥር ስሕተት ከዚያ በኋላ ያለው የመልስ ወረቀት በሙሉ ይዛነፋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ቢና ዲ ስለሚመሳሰሉ «ቢ፣ ሁለተኛው» ብሎ መጨመር ይጠቅማል።

ለትምህርት ቤቱ ፈተና ከግማሽ ያላነሰ ተጨማሪ ጊዜ ስጡ፣ ለብቻው ክፍል ይኑረው፤ ንባቡ ሌሎችን እንዳይረብሽ፣ እሱም መልሱን ጮክ ብሎ ስለሚናገር። «ከታች ያለውን ሥዕል ተመልክተህ» የሚሉ ጥያቄዎች አስቀድመው በካርቶን ይሠሩ ወይም ያንኑ ዕውቀት በሚመዝን ሌላ ጥያቄ ይተኩ። ጥያቄውን ሰርዞ ነጥቡን ለሌሎች ማከፋፈል ቀላሉ መንገድ ነው፣ ግን ልጁ ያንን ምዕራፍ እንዳይማር ያደርገዋል።

ለ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና የድጋፍ ፍላጎቱ በምዝገባ ጊዜ ይገለጽ፤ የዓመቱ መመሪያ ምን እንደሚፈቅድ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠየቅ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ቆይቷል። ለአይነ ስውር ተፈታኝ ይህ ማለት የማያውቀው ግቢ፣ የማያውቀው መኝታ ክፍልና የማያውቀው አንባቢ ነው። አብሮት የሚሄድ መምህር በደረሱበት ከሰዓት ከመኝታ ክፍል እስከ ፈተና አዳራሽ፣ ወደ ምግብ አዳራሽና ወደ መጸዳጃ ቤት ሦስት ሦስት ጊዜ ያመላልሰው። ስታይለሱን፣ አባከሱንና ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ ራሱ ያስገባ፣ ስታይለስ ትንሽ ነውና ትርፍ አንድ ይያዝ። አባከሱ በጀርባው ያለው ጨርቅ ካለቀ ዶቃዎቹ በራሳቸው ስለሚንሸራተቱ ከመሄዱ በፊት ይታደስ።

ዓመቱ ሲያልቅ የተዘጋጁት የብሬይል ኖቶችና ካርቶኖች ለሚቀጥለው ተማሪ ወደ ማዕከሉ ይመለሱ። በቀለምም በብሬይልም የክፍሉና የምዕራፉ ስም ይለጠፍባቸው፤ ብሬይል የማያነብ ሰው ገልብጦ እንዳያስቀምጣቸው የላይኛው ቀኝ ጥግ ይቆረጥ። እንደ ሌላ ወረቀት ተነባብረው አይከመሩ፣ የታችኞቹ ነጥብ በክብደቱ ይተኛል። እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ይቁሙ።